የአኒሜተር ሪል፦ ምን ይግባ፣ ምን ይውጣ?

በዚህ ዕትም የአንባቢያን ጥያቄና መልስ አምድ ለሥራ ሲያመለክቱ ስለሚቀርበው የአኒሜሽን ናሙና ቪዲዮ፣ በሙያው ሰዎች አጠራር «ዴሞ ሪል» ወይም ባጭሩ «ሪል» ስለሚባለው፣ የደረሱን አራት ደብዳቤዎች ተስተናግደዋል። የጸሐፊዎቹን ስም በፍላጎታቸው አላወጣንም፤ ረዘም ያሉትንም ደብዳቤዎች ፍሬ ሐሳባቸውን ሳንለቅ አሳጥረናቸዋል።

ጥያቄ፦ ብሌንደርን (የ3ዲ አኒሜሽን መሥሪያ ሶፍትዌር ነው) ከዩቲዩብ ተምሬ ለማስታወቂያ ድርጅቶች በትርፍ ጊዜዬ እሠራለሁ። አራት ደቂቃ የሚሆን ሪል አለኝ። በውስጡ የሎጎ አኒሜሽን፣ የሠርግ ቪዲዮ መክፈቻ፣ የቤትና የመኪና ሞዴሎች፣ ገጸ ባሕርይ ሲራመድ የሚታይበት ቅንጭብ፣ ሌላም ሌላም አለ። ለአገር ውስጥም ለውጭም ስቱዲዮዎች ልኬያለሁ፤ እስካሁን የመለሰልኝ የለም። ሪሌ ምን ጎደለው? (ከመገናኛ፣ አዲስ አበባ)

መልስ፦ እንደገለጹልን ከሆነ ሪልዎን የጎዳው ብዛቱ ነው። ማመልከቻዎን የሚመለከተው ሰው አብዛኛውን ጊዜ ራሱ አኒሜተር የሆነ የቡድን መሪ ሲሆን፣ የራሱን ሥራ አቋርጦ በርካታ ሪሎችን አከታትሎ ያያል። በዚያች አጭር ጊዜ የሚፈልገው የአንድ ጥያቄ መልስ ነው፦ ይህ ሰው አሁን ክፍት የሆነብኝን ቦታ ይዞ ሥራ መጀመር ይችላል? ቦታው የገጸ ባሕርይ አኒሜተር ከሆነ፣ ቤቱም መኪናውም የቱንም ያህል ቢያምሩ መልሱን ከማዘግየት በቀር የሚጨምሩት ነገር የለም፤ ቦታው የሞዴሊንግ ከሆነ ደግሞ የሚራመደው ገጸ ባሕርይ ዕጣው ያው ነው።

ስለዚህ ከርዝመቱ ይጀምሩ። ለጀማሪ ከአንድ ደቂቃ እስከ አንድ ደቂቃ ተኩል በቂ ነው፤ በእጅዎ ያለው ጥሩ ሥራ 40 ሰከንድ ብቻ ከሆነም 40 ሰከንዱን ይላኩ። ብዙ ዓመት የሠራ ባለሙያ እንኳ ከሁለት ደቂቃ ባያልፍ ይመረጣል። አንድ ደቂቃ ተኩል ጥቂት መስሎ ከታየዎ፣ በሰከንድ 24 ፍሬም፣ ማለትም 24 ነጠላ ምስል፣ ሲሰላ 2,160 ፍሬም እንደሚሆንና ተመልካቹ የወደደውን ወይም የተጠራጠረውን ሾት (ሳይቆረጥ የሚታይ አንድ ቅንጭብ) እያቆመ፣ ወደኋላ እየመለሰ ሊመረምረው እንደሚችል ያስቡ። ከሁሉ የሚበልጠው ሾት መጀመሪያ ይግባ። ብዙ አመልካቾች እንደ ፊልም አስበው ምርጡን ለመጨረሻ ያቆዩታል፤ ሪል ግን ታሪክ አይደለምና፣ የመጀመሪያዎቹ አሥር ሰከንዶች ካልያዙት ተመልካቹ እስከ ፍጻሜው የሚቆይበት ምክንያት አይኖረውም። በጥራት ሁለተኛ የሚሉትን ሾት መዝጊያ ያድርጉት።

ከማሳጠር ይልቅ የሚከብደው ደካማውን ሾት ለይቶ ማውጣት ነው። በአምስት ጥሩ ሾቶች መካከል አንድ ደካማ ሲገባ ተመልካቹ «አምስቱ ይበቃሉ» ብሎ አያልፍም፤ አመልካቹ በጥሩውና በደካማው መካከል ያለውን ልዩነት አላስተዋለም ብሎ ያስባል። እጅ በሥራ ላይ ይፈታል፤ የራሱን ስህተት የማያይ አኒሜተር ግን ሁልጊዜ ከጎኑ የሚያይለት ሰው ስለሚያስፈልገው ቀጣሪው ይፈራዋል። የሚራመደውን ገጸ ባሕርይዎን ይዘን እንሞክረው። ቅንጭቡን በመደበኛ ፍጥነቱ ማየትዎን ይተዉና ፍሬም በፍሬም ያሳልፉት። መሬት የረገጠው እግር፣ ሰውነቱ በላዩ ሲያልፍ፣ ከቦታው ይንሸራተታል? ከኋላ የቀረው እግር ሲዘረጋ ጉልበቱ በአንድ ፍሬም ውስጥ ድንገት ቀጥ ይላል? ክብደቱን የተሸከመው እግር የትኛው እንደሆነ ዳሌውን ብቻ አይተው መናገር ይችላሉ ወይስ ዳሌው በገመድ እንደተንጠለጠለ ሁሉ መሐል ላይ ይንሳፈፋል? ሁለቱ እጆች በአንድ ፍሬም ላይ ተነሥተው በአንድ ፍሬም ላይ ይቆማሉ? ለእነዚህ ጥያቄዎች የሚሰጡት መልስ የሚያሳፍር ከሆነ ሾቱ ወይ ይታረም ወይ ይውጣ። «እስኪ ይለፍ» የሚባል ሦስተኛ መንገድ ባይኖር ይሻላል።

ለአገር ውስጥና ለውጭ አንድ ዓይነት ሪል መላክዎ ሌላው ችግር ነው። አዲስ አበባ ባለ አነስተኛ የማስታወቂያ ድርጅት ውስጥ አንድ ሰው ስቶሪቦርዱንም፣ ሞሽን ግራፊክሱንም (የሚንቀሳቀሱ ጽሑፎችንና ቅርጾችን)፣ የዕቃውን ሞዴልም፣ አንዳንዴም ኤዲቲንጉን ይሠራልና፣ እዚያ ሁለገብነት ዋጋ አለው። ለእነዚህ ድርጅቶች የሎጎውንና የምርት ማስታወቂያውን ሥራዎች ይምረጡ፤ በተለይ የአማርኛ ፊደል በእንቅስቃሴ ላይ ውሎ በግልጽ የሚነበብበት ሥራ ካለዎት ወደፊት ያምጡት፤ የላቲን ፊደል አቀማመጥ ለምዶ የእኛውን የሚያጨናንቅ ብዙ ስለሆነ፣ ይህን የሚችል ሰው ወዲያው ይታያል። በአንጻሩ ሥራውን በክፍል በክፍል የሚያከፋፍል ትልቅ የውጭ ስቱዲዮ አኒሜተሩን ለአኒሜሽን፣ ሞዴል ሠሪውን ለሞዴል፣ የብርሃን ባለሙያውን ለብርሃን ይቀጥራል፤ ለእሱ የሚላከው ሪል አንዱን ሙያ ብቻ ይያዝ። ከአንድ የሥራ ክምችት ሁለት ሪል ማውጣት የአንድ ቀን የኤዲቲንግ ሥራ ነው።

የሠርጉን መክፈቻ ከሁለቱም ያውጡት። የሠርግ ሥራ እንጀራ ነው፤ ማንም ሊያፍርበት አይገባም፤ ነገር ግን የሚያመለክቱበት ቦታ ከሠርግ ጋር የሚያገናኘው ነገር የለም። ከተገዛ ወይም ከወረደ የአፍተር ኢፌክትስ ቴምፕሌት (ሌላ ሰው አዘጋጅቶ ያስቀመጠው ቅጽ) የተሠራ መክፈቻ ካለም እንዲሁ ይውጣ፤ የታወቁትን ቴምፕሌቶች የሙያው ሰዎች ከመጀመሪያው ሰከንድ ይለዩአቸዋል፤ አንዱን ሲያዩ ቀሪውንም መጠርጠር ይጀምራሉ።

ጥያቄ፦ እስካሁን ተቀጥሬ አላውቅም። ያሉኝ ሥራዎች በኢንተርኔት በተከታተልኩት ትምህርት ላይ የሠራኋቸው ልምምዶች ናቸው፦ የሚነጥር ኳስ፣ አካሄድ፣ ከባድ ሣጥን የሚያነሣ ሰው። ገጸ ባሕርያቱም በነፃ የሚገኙ ሪጎች (ለማንቀሳቀስ መቆጣጠሪያ የተሠራላቸው ሞዴሎች) እንጂ የራሴ አይደሉም። ይህ ለሪል ይበቃል? ንግግር ያለበት ሾት በአማርኛ ብሠራስ ያስንቀኛል? (ከባሕር ዳር)

መልስ፦ በሰው ሪግ መሥራት አያስነውርም። የአኒሜተር ሪል የሚመዘነው በእንቅስቃሴው ነው፤ ሪጉን ማን እንደሠራው በመዝጊያው ላይ ይጻፉ፤ ፈቃዱም ለሪል መጠቀምን እንደማይከለክል አስቀድመው ያንብቡ። ልምምዶቹን በተመለከተ ግን ሪል የሚያየው ሰው ኳሱንም ሣጥኑንም ራሱ በተማሪነቱ የሠራቸው ናቸው። ስህተት ባይኖርባቸው እንኳ የሚነግሩት ትምህርቱን በሚገባ መከታተልዎን ነው። እርስዎ ምን እንደሚያዩ አይነግሩትም።

እኛ የምንመክረው የልምምዱን ፍሬ ነገር ጠብቀው ጉዳዩን ከአካባቢዎ እንዲያነሡ ነው። የሣጥኑ ልምምድ የሚፈትነው ክብደትን ነው፤ ክብደት ደግሞ ባሕር ዳር ሞልቷል። ጣና ላይ ከደንገል በተሠራ ታንኳ እንጨት ጭኖ የሚቀዝፈውን ሰው ከዳር ሆነው በስልክዎ ይቅረጹት፤ ፊቱ የሚለይ ከሆነ ፈቃዱን ይጠይቁ። መቅዘፊያው ውኃ ውስጥ ሲገባ ትከሻው ቀድሞ እንደሚሄድ፣ ኃይሉ ከወገቡ እንደሚነሣ፣ ታንኳው ወዲያው እንደማይታዘዝና ዘግይቶ ወደፊት እንደሚንሸራተት፣ ሰውየውም ሚዛኑን ለመጠበቅ በተቃራኒው እንደሚያዘነብል ያያሉ። በሰሌዳ ላይ በቃላት የተማሩት ቅድመ ዝግጅት፣ መዘግየትና ሚዛን ሁሉ በአንድ ቀዘፋ ውስጥ አለ። እንስራ አዝላ ከተቀመጠችበት የምትነሣ ሴትም የማታንስ ፈተና ናት፦ መጀመሪያ ወደፊት ማጎንበስ፣ ከዚያ እግርን መሰብሰብ፣ ከዚያ መግፋት፤ ጭነቱም ከጀርባ ላይ ትንሽ ዘግይቶ ይረጋል። ይህን የሠራ ሰው ሣጥን ማንሣት ይችል እንደሆነ ማንም አይጠይቀውም።

እስክስታን የሚያስቡ ከሆነ ማስጠንቀቂያ አለን። ድንቅ የሰውነት ቁጥጥር ማሳያ ነው፤ በዚያው ልክ ከባድ ነው። ትከሻው በሰከንድ አራት ጊዜ ቢወዛወዝ አንዱ ውዝዋዜ ስድስት ፍሬም ብቻ ያገኛል፤ ለመውጣት ሦስት፣ ለመውረድ ሦስት። በእነዚህ ፍሬሞች ውስጥ ለማለሳለስ ቦታ ስለሌለ፣ ላይኛውና ታችኛው ጫፍ ጎላ ብለው ካልተቀመጡ እንቅስቃሴው መንቀጥቀጥ ይመስላል። ደረቱ ይመራል፣ ትከሻው ይከተላል፣ አንገቱና ራሱ ደግሞ በራሳቸው ጊዜ ይመጣሉ፤ ሁሉም በአንድ ላይ ከሄዱ እስክስታነቱ ይጠፋል። ሥራውን ሳይጀምሩ በፊት ሪጉ ትከሻን ከክንድ ለይቶ የሚያንቀሳቅስ መቆጣጠሪያ እንዳለውና ትከሻው ወደፊትና ወደኋላ ሲሄድ ደረቱና ብብቱ አካባቢ እንደማይጨማደድ ይፈትኑት። አንዳንድ ነፃ ሪጎች እዚህ ላይ ይሰንፋሉ።

አማርኛ አያስንቅም። ተመልካቹ ቋንቋውን ባይሰማም ሐሳቡ ከፊትና ከሰውነት ሊገባው ይገባል፤ እንዲያውም ከንግግሩ ቃል በቀር ሌላ ነገር የማይነበብበት ሾት በየትኛውም ቋንቋ ቢሆን ደካማ ነው። ከታች የእንግሊዝኛ ትርጉም በአነስተኛ ፊደል ያስገቡ። ከአምስት እስከ አሥር ሰከንድ የሚሆን፣ ተናጋሪው በመሐሉ ሐሳቡን የሚለውጥበት ንግግር ይምረጡ፤ ለምሳሌ ለመቆጣት ተነሥቶ መሐል ላይ የሚራራ ሰው። ድምፁን ጓደኛዎን አስፈቅደው በጸጥታ ቦታ ይቅረጹ፤ ከፊልም የተቀዳ ድምፅ ሲሰማ ተመልካቹ የመጀመሪያውን ተዋናይ ያስባል፤ ያ ንጽጽር ለእርስዎ አይበጅም።

በአፍ እንቅስቃሴ ረገድ በ«መ»፣ በ«በ»፣ በ«ፐ» እና በ«ጰ» ድምፆች ላይ ሁለቱ ከንፈሮች መገጠም አለባቸው፤ ከአጠገቡ ካለው አናባቢ ተቀንሶም ቢሆን ግጥሙ ቢያንስ ሁለት ፍሬም ይቆይ፤ በአንድ ፍሬም ብቻ የተዘጋ አፍ ለዓይን የተዘጋ አይመስልም። ጠብቆ በሚነገር ጊዜ ደግሞ የበለጠ ይቆያል፤ «ሰማ» ሲባል ከንፈር የሚገጠምበት ጊዜ «ሳመ» ሲባል ካለው ይረዝማል። «ፈ» የታችኛውን ከንፈር ከላይኛው ጥርስ ያገናኛል፤ ካዕብና ሳብዕ ከንፈርን ያሞጠሙጣሉ። «ሰ»ን፣ «ተ»ን፣ «ከ»ን የመሳሰሉትን በእያንዳንዳቸው ላይ አፍ እየከፈቱ አይዝጉ፤ ከአፍ ውስጥ የሚወጡ ስለሆኑ በአብዛኛው መንጋጋው ባለበት ማለፍ ይችላሉ። ከከንፈር በፊት ግን ዓይንን ይሥሩ። ሐሳብ ሲለወጥ መጀመሪያ የሚንቀሳቀሰው ዓይን ነው፤ ቅንድብና ራስ ይከተላሉ፤ ቃሉ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። እኛ ስንስማማ ትንፋሻችንን ወደ ውስጥ ሳብ አድርገን «አዎ» የምንለው ነገርም አለ፤ አገጭ ከፍ፣ ቅንድብ ከፍ፣ ደረት በትንሹ ሞላ ይላል። ይህን በወጉ ያስገባ ሾት ከሌላ ሰው ሪል አይገለበጥም። የሚያመለክቱት ለእንግሊዝኛ ፕሮዳክሽን ከሆነ ሁለተኛውን የንግግር ሾት በእንግሊዝኛ ያድርጉት፤ አንዱ የአማርኛ፣ አንዱ የእንግሊዝኛ ቢሆን ሁለቱንም ወገን ያስደስታል።

ጥያቄ፦ ለሁለት ዓመት በአንድ ስቱዲዮ ከብዙ ሰው ጋር ሠርቻለሁ። አብዛኛው ሾት የቡድን ነው፤ የተወሰነው ደግሞ ገና ለሕዝብ አልቀረበም፤ ምስጢር ለመጠበቅም ፈርሜያለሁ። ምኑን ማሳየት እችላለሁ? (ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ)

መልስ፦ ለሕዝብ ያልቀረበውን አያሳዩ። በይለፍ ቃል የተቆለፈ ሊንክም ቢሆን ለሦስተኛ ሰው ማሳየት ነውና ውልዎን ሊጥስ ይችላል፤ አዲሱ ቀጣሪም ያንን ሲያይ ነገ የእሱንም ምስጢር እንዲሁ ያወጣሉ ብሎ ቢሰጋ አይፈረድበትም። ለቀረበው ሥራ እንኳ የቀድሞ ስቱዲዮዎን በጽሑፍ ያስፈቅዱ።

የቡድን ሾት ላይ የሠሩትን ብቻ ለይተው ይጻፉ። ሾቱ በሚታይበት ጊዜ በታችኛው ጥግ «የግራው ገጸ ባሕርይ አኒሜሽን» ወይም «አኒሜሽን ብቻ፤ ሞዴልና ብርሃን በሌሎች» የሚል አጭር ጽሑፍ ይኑር። ከሪሉ ጋር የእያንዳንዱን ሾት ቅደም ተከተል፣ የእርስዎን ድርሻና የተጠቀሙበትን ሶፍትዌር የሚዘረዝር አንድ ገጽ አያይዙ፤ በሚኖሩበት አገር በርካታ ስቱዲዮዎች ይህን ገጽ ራሳቸው ይጠይቃሉ። ድርሻን ማሳነስም ማጋነንም አይበጅም፤ ቃለ መጠይቅ ላይ ከሚቀመጡት አንዱ ያንን ሾት ከሠሩት ጋር የሠራ ሰው ሊሆን ይችላል፤ ሙያው ከሚታሰበው በላይ ጠባብ ነው።

ጥያቄ፦ ላፕቶፔ ደካማ ነው፤ መብራትም ይቆራረጥብናል። አንዱን ሾት ሬንደር ለማድረግ፣ ማለትም ኮምፒውተሩ የመጨረሻውን ምስል አስልቶ እንዲያወጣ፣ ሌሊቱን ሙሉ ትቼው ጠዋት ስነሣ ፋይሉ አይከፈትም። ያለ ሬንደር መላክ ይቻላል? በምን መንገድ ብልክስ ይሻላል? ሙዚቃስ ያስፈልጋል? (ከድሬዳዋ)

መልስ፦ የሚያመለክቱት ለአኒሜተርነት ከሆነ ይቻላል። ከሶፍትዌሩ መስኮት በቀጥታ የሚቀረጸው፣ ግራጫ ገጸ ባሕርይ በቀላል ብርሃን የሚታይበት ቪዲዮ፣ እንቅስቃሴው ጥሩ እስከሆነ ድረስ በሪል ውስጥ ተቀባይነት አለው፤ የመቆጣጠሪያ መስመሮቹንና ፍርግርጉን ብቻ ይደብቁ። ለብርሃን ወይም ለሞዴሊንግ ሥራ የሚያመለክት ሰው ግን ከሬንደር አያመልጥም።

ሬንደር ማድረግ ግድ ከሆነ ስሌቱን አስቀድመው ይሥሩ። ሳይክልስ በተባለው የብሌንደር ሬንደር ማድረጊያ አንዱ ፍሬም ሦስት ደቂቃ ከፈጀ፣ አሥር ሰከንድ ማለት 240 ፍሬም ነውና 12 ሰዓት ይወስዳል። ኢቪ የተባለው ሌላው የብሌንደር ማድረጊያ ፈጣን ስለሆነ ለሪል ብዙ ጊዜ ይበቃል። ጠዋት ፋይሉ የማይከፈተው በቀጥታ ወደ ቪዲዮ ስለሚያወጡት ይመስለናል፤ መብራቱ መሐል ላይ ሲጠፋ ቪዲዮው ሳይዘጋ ይቀርና ይበላሻል። በምትኩ እያንዳንዱ ፍሬም ለብቻው የፒኤንጂ ምስል ሆኖ እንዲወጣ ያድርጉ። መብራት በ137ኛው ፍሬም ላይ ቢጠፋ ያለቁት 136 ምስሎች በቦታቸው ይገኛሉ፤ ሲመለስ ከ137 ይቀጥላሉ፤ ከዚያ ምስሎቹን እዚያው ብሌንደር ውስጥ ወደ ቪዲዮ ያጣምሯቸዋል።

የመጨረሻው ፋይል በ1920 በ1080 መጠን፣ በኤች 264 የተጨመቀ ኤምፒ4 ቢሆን የትም ይከፈታል። በሰከንድ 8 ሜጋቢት ቢያወጡት አንድ ደቂቃ ተኩሉ 90 ሜጋባይት ገደማ ይሆናል፤ ይህም ለማየትም ለመጫንም የሚቻል መጠን ነው። ለውጭ ስቱዲዮ ፋይሉን ከኢሜይል ጋር አያይዘው አይላኩ፤ የዩቲዩብ ወይም የቪሜዮ ሊንክ ይላኩ። ዩቲዩብ ላይ ሲጭኑ «ሊንኩ ያለው ሰው ያያል» የሚለውን አማራጭ እንጂ «ለእኔ ብቻ» የሚለውን አለመምረጥዎን ያረጋግጡ፤ ማረጋገጫውም ሊንኩን በአካውንትዎ ባልገቡበት ብራውዘር ወይም በሌላ ሰው ስልክ መክፈት ነው። በእርስዎ ስልክ መከፈቱ ምንም አያረጋግጥም። ለአገር ውስጥ ድርጅቶች በቴሌግራም የሚልኩ ከሆነ በቪዲዮነት ሲላክ ጥራቱ ስለሚቀንስ በፋይልነት ይላኩት።

ሙዚቃ ግዴታ አይደለም። ብዙዎች ሪልን ድምፅ አጥፍተው ያያሉ፤ ንግግር ባለበት ሾት ላይ ደግሞ ሙዚቃው ንግግሩን ይሸፍናል። ካስገቡም የመብት ጥያቄ የማያስነሣ ይሁን፤ አለበለዚያ ዩቲዩብ ድምፁን ሊያጠፋው ወይም ቪዲዮውን በአንዳንድ አገሮች ሊያግደው ይችላል።

በመክፈቻው ስምዎ፣ የሚያመለክቱበት ሙያ፣ ኢሜይልዎና በ+251 የሚጀምረው ስልክዎ ለሦስት ሰከንድ ያህል ይታዩ፤ መዝጊያውም ላይ ይደገሙ። የሚሽከረከር የራስ ሎጎ አያስፈልግም። አብሮት የሚሄደው ኢሜይል ከሦስትና ከአራት ዓረፍተ ነገር አይብለጥ፤ የትኛውን ቦታ እንደሚፈልጉ፣ በምን ሶፍትዌር እንደሚሠሩና ሊንኩን ይያዝ። መልስ ካላገኙም ያንኑ ሪል ደግመው አይላኩ፤ ቢያንስ ሁለት ሾቶችን በተሻሉ ከተኩ በኋላ ለዚያው ስቱዲዮ እንደገና ማመልከት የተለመደ ነው፤ በኢሜይሉም የትኞቹ ሾቶች አዲስ እንደሆኑ ቢጠቅሱ የመጀመሪያውን ያየ ሰው በቀጥታ ወደ እነሱ ይሄዳል።